ካርቦኑ፣ ብረቱና የኤቢሳ ገመድ

እና ደግሞ ጆሮዋ ሊሆን ይችላል፣ ከጉደር መልስ ጆሮዋ ውስጥ የገባው ንፋስ ሊሆን ይችላል፣ እስቲ እንደገና፣ ጋዲሴ የአንድ ብር ሳንቲም በሁለት ጣቷ ይዛ ጥቁሩን የካርቦን ሳይክል ከመሪው ሥር ጀምራ ወደ መቀመጫው እየሄደች ትመታዋለች፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ጥሩ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ የላይኛው ቱቦ መሃል ላይ ስትደርስ፣ ዱብ። ዱብ ይላል። ትንሽ አለፍ ስትል ኳ። ተመልሳ ትመጣለች፣ ዱብ። ሲያዩት እኮ ምንም የለውም፣ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ አልተላጠም፣ መስመር የለው፣ ጭረት የለው፣ ዛሬ ጠዋት በሳሙና አጥባዋለች፣ ለነገ ብላ፣ ባታጥበውስ ምን ነበረበት፣ ባታጥበው ኖሮ ጨርቁን አታነሳም፣ ጨርቁን ባታነሳ ስልኳ ላይ ያየችው፣ ካርቦንን በሳንቲም እየመታ ስብራት የሚፈልገው የፈረንጅ ቪዲዮ ትዝ አይላትም፣ ሳንቲሙም ኪሷ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ነገ ማጣሪያ ነው፣ እሁድ፣ ከአምቦ ተነስቶ ጉደርን አቋርጦ ወደ ጌዶ የሚወስደውን ዳገት ወጥቶ በመጣበት የሚመለስ፣ የክለብ ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ከሴቶቹ አንዷን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንዷን ብቻ፣ ደሞዝ ያላት፣ ማደሪያ ያላት፣ ቱታዋ ላይ ስሟ የተጻፈ። አሰልጣኝ ሚልኪያስ አፉን ሞልቶ አይናገር እንጂ ዓይኑ እሷና ሳምሪ ላይ ነው፣ ከሁለት አንዳችሁ ናችሁ ብሏል አንዴ፣ ሳምሪ ገና ልጅ ናት፣ ለሳምሪ የሚመጣው ዓመት አለላት፣ ለጋዲሴ ግን፣ ሃያ ስድስት የሞላትን ብስክሌተኛ ማን ይቀጥራል፣ ከዚህ በኋላ የምትቀጥራት እናቷ ናት፣ ሱቅ ውስጥ፣ ዘይት እየቀዱ፣ ሳሙና እየቆረሱ መሸጥ። አምና በዞኑ ውድድር ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሳምሪ ዞር ብላ አየቻትና ጥላት ሄደች፣ አልሳቀችባትም፣ ብትስቅባት ይሻል ነበር። ጥሩ ልጅ ናት ሳምሪ፣ ችግሩም እሱ ነው።

እሺ ብረቱስ። ያውና ብረቱ፣ የግቢውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ አባቷ በሕይወት ሳለ የገዛላት፣ ከባድ፣ አረንጓዴ፣ መቀመጫው ሥር የኦቦ ጉዩ ብየዳ እንደ እባጭ ጉብ ያለበት። ብረት ወሬኛ ነው፣ ደብቆ አያውቅም፣ ያን ጊዜ ሊሰበር ሲል ሳምንት ሙሉ ሲያወራ ነው የከረመው፣ መጀመሪያ ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በስንጥቁ ዝገት ወጣ፣ መንገደኛው ሁሉ ልጅቷ ሳይክልሽ ሊሰበር ነው እያለ፣ ገፍታ በያጁ ኦቦ ጉዩ ጋ ወሰደችው፣ ጥቁር መነጽሩን አጥልቆ ብልጭ ብልጭ አደረገው፣ ጋሪዳ፣ ደህና ሆኗል፣ ሂጂ አላት፣ ሄደች፣ እስካሁንም እየሄደች ነው። የሳምሪው አሉሚኒየም ነው፣ እሱ ይቀላል ግን ድርቅ ያለ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ከተሰበረ ደግሞ አምቦ ውስጥ የሚበይደው የለም፣ ሌላ ጋዝ ይፈልጋል ይላሉ፣ ኦቦ ጉዩ አንዴ እሞክራለሁ ብሎ አቅልጦት ቁጭ አለ። ታይታኒየም የሚባልም አለ፣ እሱን እንደ ባሕር በስልክ ብቻ ነው የምታየው። ካርቦን ግን፣ ካርቦን እኮ፣ ምን ብላ ትናገረዋለች፣ መጀመሪያ ቀን ዳገቱ ላይ ብድግ ብላ ስትረግጠው ከኋላዋ ሰው የገፋት መስሏት ዞራለች፣ እውነቷን ነው፣ ዞራለች፣ እግሯ የሰጠውን ሁሉ ለጎማው ያቀብላል፣ ለራሱ የሚያስቀረው የለም። ያን ቀን ሳምሪን በዳገት ቀደመቻት። ዞር ብላ አላየቻትም፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ፈርታ።

ካርቦን ማለት በሙጫ የተያያዘ ቀጭን ክር ነው፣ አሰልጣኝ ሚልኪያስ አንዳንዴ እንደ መጽሐፍ ነው የሚያወራው፣ አምራቹ ኃይል ይመጣል ብሎ በገመተበት አቅጣጫ ክሩን ይደረድረዋል፣ በዚያ አቅጣጫ ብረትን ያስንቃል፣ ባልታሰበበት በኩል ግን፣ ለምሳሌ ከጎን ከተጨመቀ፣ ውስጥ ውስጡን ይላቀቃል፣ ከላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፣ ግልጽ ነው? ግልጽ ነው ብለው ጮኹ፣ ምኑም ግልጽ አልነበረም፣ ሁሉም ስለ ምሳው ነበር የሚያስበው። ከጎን ከተጨመቀ። ማን ይጨምቀዋል ብላ ነበር በልቧ፣ ሳይክል ሎሚ አይደል።

ገመድ ይጨምቃል።

አይ፣ እሱን ተይው፣ እሱን ካሰበች አለቀላት፣ ግን ሐሳብ መች ተይ ሲሉት ይተዋል። ኤቢሳ ታላቅ ወንድሟ፣ አባታቸው ሲሞት ከአስረኛ ክፍል ወጥቶ የመኪና ረዳት የሆነ፣ አንቺ ተማሪ፣ አንቺ ሩጪ፣ አንቺ ንጂ እያለ እሱ ጭነት ላይ ያደገ፣ አሁን በአይሱዙ ከመርካቶ እስከ ጌዶ የሚመላለስ፣ በመንገዱ ሁሉ ግን ስሙ የሚነሳው በመንዳቱ አይደለም፣ በማሰሩ ነው። ኤቢሳ ያሰረው ንቅንቅ አይልም፣ ጊንጪ ላይ እንዲህ ይላሉ፣ ጌዶ ላይም ይላሉ፣ ሌሎቹ ሹፌሮች ሻይ ጋብዘው እሰርልን ይሉታል፣ ገመዱን ደርቦ ያዞርና በመሃሉ ዱላ ከትቶ ያከረዋል፣ ገመዱ እስኪጮህ፣ ሲጮህ ነው በቃ የሚለው። ያን ቀን ስኳርና ሳሙና በጫነው መኪና አናት ላይ፣ ከሸራው በላይ፣ ጥቁሩ ሳይክል፣ ወደ ሀገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በደላላ አስፈልጎ የገዛላት፣ ሰፈሩ ወጥቶ እያየ፣ እናቷ እልል እያለች፣ ኤቢሳ ከላይ ቆሞ ገመዱን ሲፈታ፣ እዩት፣ ሆለታ ላይ ያን ሁሉ ጉድጓድ አልፎ ንቅንቅ ብሏል? አላለም። ቱቦው ላይ ገመዱ ያረፈበት የአቧራ መስመር ነበር፣ በእጅጌው ጠረገው፣ ጠፋ። እሷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ገላቶሚ፣ ገላቶሚ ብቻ፣ ምስጋናው በአማርኛ አልመጣላት ብሎ።

የአቧራው መስመር የት ላይ ነበር? ዱብ የሚለው ላይ። ልክ እዚያው ላይ።

ድምፁንስ፣ ያን ሲጢጥታ፣ ባለፈው ሰሞን ከዳገቱ ወደ ጉደር ስትወርድ ከሥሯ የሰማችውን፣ መቀመጫው ነው ብላ ቡሎኑን አጠበቀች፣ ፔዳሉ ነው ብላ ግሪስ ቀባች፣ ሚልኪያስን ስትጠይቀው አሸዋ ገብቶበት ይሆናል አላት፣ አሸዋ፣ እሺ አሸዋ፣ ሰው ማመን የሚፈልገውን ሲያገኝ እንዴት ቶሎ ያምናል። ለዚያውም ስንት ጊዜ ወርዳበታለች ከዚያ በኋላ፣ ደረቷን መሪው ላይ አጋድማ፣ ንፋሱ ዓይኗን እያስነባት፣ ያ መታጠፊያ ላይ፣ አንዱ ቀን የከብት መኪና ከፊቷ እየመጣ፣ ቱቦው ያኔ ለሁለት ቢሰበርስ፣ እጇ መሪውን ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ሰውነቷ ወዴት ይሄዳል። ሳንቲሙን መሬት ላይ ትጥለዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች።

ምናልባት ግን ቀለሙ ነው፣ እዚያ ጋ ቀለሙ ወፍሮ ይሆናል፣ ወይ ውስጡ የሽቦ ማስገቢያ ምናምን ይኖራል፣ ፈረንጅ የሠራውን አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ በሁለት አውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ ገባ ይላል፣ በጣም አይደለም፣ ትንሽ፣ የደረቀ ዳቦ ቅርፊት ሲጫኑት እንደሚገባው፣ ሌላ ቦታ ትጫናለች፣ አይገባም። በቃ፣ አወቀች። አሁን ምናምን የለም፣ አወቀች። ዳገቱን ብቻ በሱ ብትወጣስ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዛ ቀስ ብላ ብትወርድ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ማን ያሸንፋል፣ ደሞ ቀስ ብለሽ ስትወርጂ አልሰበርም ብሎ ፈርሞልሻል? ለሚልኪያስ ብትነግረው፣ ሚልኪያስ ደግ ነው ግን አፉ አያርፍም፣ ነገ ማይክራፎን ቢሰጡት ለሕዝብ ያስተምርበታል፣ ካርቦን ሳይክል በገመድ አይታሰርም ውድ ተመልካቾች፣ እዚያ ደግሞ ኤቢሳ ቆሟል፣ ጊንጪም ጌዶም ይሰማሉ። ለራሱ ለኤቢሳ ብትነግረው፣ ምን ብላ፣ ካለህ ነገር ሁሉ የምትኮራበት እጅህ ነው የሰበረው ብላ? ሳይክሉን የሰበረው ማሰር ባለማወቁ ቢሆን ትነግረው ነበር፣ ይስቁ ነበር፣ የሰበረው አሳምሮ ስላሰረው ነው፣ ይኼ ለሰው እንዴት ይነገራል። አትችልም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሲይዛት እጅ ከወርች ነው፣ ከልጅነቷም እንዲህ ናት፣ የጎረቤት ሴትዮ ጨው የበዛበት ወጥ ሲያቀርቡላት ጨምሩልኝ የምትል።

ወገቤን። መጣላት፣ ወገቤን አሞኛል ትላለች፣ ቁመቱ አልስማማኝ አለ፣ በብረቱ ልሂድ፣ የለመድኩት ነው ትላለች። ማንም አይጎዳም። ሳይክሉ ከማጣሪያው በኋላ ጓዳ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይረሳል፣ አንድ ቀን ጎማው ይነፍሳል፣ ሌላ ቀን ሸራ ይለብሳል፣ ኤቢሳም ይረሳዋል፣ እሷ ዳገቱ ላይ ሳምባዋን ትተፋለች እንጂ፣ ይሁን፣ ብረቱን ከፍሬኑ ሌላ ያለውን ኮተት ሁሉ ፈትታ ታቀለዋለች፣ ማን ያውቃል፣ ሳምሪ ቀኗ ላይሆን ይችላል። ውሸቱ ቆንጆ ነው፣ ዙሪያውን ብታየው ቀዳዳ የለውም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ብረቱን ስትፈታና ስትገጥም ለራሷ እያንጎራጎረች ነው፣ ኤቢሳ ከጌዶ ደውሎ ጠዋት ባዶ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ውሃ አቀብልሻለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው ትኩስ የምትፈልጊው ሲላት እንኳ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

እሁድ ጠዋት፣ ጉም። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እያለ በሩን በትከሻው ገፍቶ ይገባል ኤቢሳ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ለእሷ ውድድር አዲስ ሸሚዝ፣ እሷ ደግሞ ጎንበስ ብላ የአረንጓዴውን ጎማ ትነፋለች። ካርቦኑስ ይላታል። ወገቤን ትለዋለች፣ ያዘጋጀችውን ሁሉ ትለዋለች፣ ሳትንተባተብ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ስትነጂው አላመመሽም ወይ። አሞኝ ነበር፣ ደስ እንዲልህ ዝም አልኩ። እሺ ይላል፣ እሺ ብቻ፣ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ታያለች፣ ዓይኗን ወደ ጎማው ትመልሳለች፣ ፓምፑን ያለ ቅጥ ትረግጠዋለች። ቀድማው ወደ መነሻው ስትወጣ ዞር ብላ ታየዋለች፣ ጥቁሩን ሳይክል መኪናው ላይ እየጫነ ነው፣ ባዶ መኪና ስለሆነ ሳያስር፣ ጋቢውን አንጥፎ ከላዩ አስተኝቶ፣ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ብዬ ነው ይላል ሳትጠይቀው። አትቀይርም፣ ግን እሺ ትላለች፣ እሺ ማለት ምን ያስከፍላል።

ስታዲየሙ በር ላይ ሰው ሞልቷል፣ የክለቡ ሰዎች ከመኪናቸው ወርደው ቆመዋል፣ ቁጥሯን ጀርባዋ ላይ ይለጥፉላታል፣ እና ሳምሪ፣ ሳምሪ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በጉልበቷ መሃል ቀብራለች፣ ሳይክሏ አጠገቧ ወድቋል፣ ሰውነቷን ልታሟሙቅ ወጥታ ጉድጓድ ጣላት፣ ፍሬሙ ላይ የማርሹ ማያዣ ተገንጥሏል፣ አሉሚኒየም ብረት አይደለም መዶሻ አንስተው አያቃኑት። የጋዲሴ ልብ ከአፏ ቀድሞ ደስ ይለዋል። ወዲያው ታፍራለች፣ አይዞሽ ልትላት ትሄዳለች፣ መንገድ ላይ የክለቡ ሰው ጠርቶ ዕድሜሽ ስንት ነው ይላታል፣ ትመልሳለች፣ ደሞዙ ከመቼ እንደሚጀምር፣ ቱታው መቼ እንደሚሰጥ ሊነግራት ይመስል ፈገግ ይላል፣ እና ዞር ስትል ኤቢሳን ታየዋለች።

ጥቁሩን ሳይክል ይዞ ቆሟል፣ ሳምሪ ላዩ ላይ ተቀምጣለች፣ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነው፣ እሷ እየሳቀች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ መቀመጫውን በመፍቻ እያጠበቀላት፣ ሚልኪያስ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረገው፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያለ። ጋዲሴን ሲያያት እጁን ያነሳል፣ አንቺ ካልሄድሽበት ብዬ ነው፣ አጠፋሁ እንዴ ይላታል ከሩቅ። አላጠፋም፣ እሱ መች አጥፍቶ ያውቃል፣ ሰው ሲያለቅስ ያለውን የሚሰጥ ሰው ምን አጠፋ ይባላል፣ ቀዳዳ የለውም ያለችው ውሸት ይኼው ነው፣ ሰፊ በር ነው እንጂ ቀዳዳ አይደለም። አሁን ተሰብሯል ብትል፣ ወገቤን አመመኝ ያለች ልጅ፣ ለተፎካካሪዋ ሲሰጥ ያን ጊዜ ተሰብሯል አለች ይላሉ፣ ቀናች ይላሉ፣ እሷም ብትሆን እንደዚያ ነው የምትል፣ ባትል ደግሞ፣ ሳምሪ በቀጭን እግሯ ዳገቱን ትወጣዋለች፣ ከላይ ትዞራለች፣ ደረቷን መሪው ላይ ታጋድማለች፣ መታጠፊያው፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጋዲሴ ባለችበት ቆማ ትቀራለች፣ አፏን ከፍታ፣ ቁጥሩ ጀርባዋ ላይ በንፋስ እየተርገበገበ።

«ሳምሪ፣ ውረጂ።»

ምን ሆነሻል ይላታል ሚልኪያስ፣ ሰው ዞር ይላል፣ ከኋላ አንዱ ቀናች ይላል፣ ሳይቆይ፣ እንዳሰበችው። ቱቦው ተሰብሯል ትላለች፣ ውስጡ ነው የተሰበረ፣ አይታይም። ኤቢሳ ይስቃል፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት እኮ፣ ሆለታን ሁሉ አልፎ ንቅንቅ፣ አላስጨረሰችውም፣ የቀኝ እጁን ትይዘዋለች፣ የገመድ ጠባሳ ያለበትን ወፍራም እጅ።

«አውራ ጣትህን እዚህ አድርግና ግፋ።»

ይገፋል። ቱቦው ሲጢጥ ይላል፣ ትንሽ ድምፅ፣ ግን በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ኤቢሳ ሳቁን አይጨርሰውም። ጣቱን ወደ ግራ ያንቀሳቅሳል፣ ይገፋል፣ ጠንካራ ነው፣ ወደ ቀኝ፣ ጠንካራ ነው፣ ወደ መሃል ይመልሰዋል፣ እዚያ ያቆመዋል፣ የለሰለሰውን ቦታ ስፋት ያውቀዋል፣ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፣ ዕድሜውን በሙሉ ሲያጠብቅ የኖረው ገመድ ስፋት ነው። ሳምሪ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ጋዲሴን ታያታለች፣ ሄዳ የተነሳችበት ቦታ ትቀመጣለች። ሚልኪያስ የሚያውቀው ሁሉ አፉ ላይ ደርሶ ዝም ይላል፣ ለአንድ ቀን ዝም ይላል። ተወዳዳሪዎች ወደ መስመር ይላል የክለቡ ሰው።

መስመሩ ላይ ኤቢሳ አጠገቧ ይመጣል፣ ብረቱን ከመቀመጫው ሥር ይይዝላታል፣ እንደ ልጅነቷ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ ነው የሚያወራው። መቼ አወቅሽ። ትላንት። እና ወገቤን አልሽኝ። አዎ፣ እንዳይከፋህ ብዬ። ይኼስ ገብቶኛል ይላል፣ ይኼን እኔም አደርገው ነበር፣ ከፊታቸው ያለው ሰውዬ ፊሽካውን ወደ አፉ ያስጠጋል።

«ሳምሪ ላዩ ላይ ተቀምጣ ስታዪያት ግን ቆመሽ ነበር። አይቼሻለሁ። ምን እያሰብሽ ነበር?»

ፊሽካው ይነፋል፣ እጁ ይለቃታል፣ እግሯ ፔዳሉን ያገኛል፣ ከባድ፣ ብረቱ ከባድ ነው፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ከፊቷ አስፋልቱ ባዶ ነው፣ ዳገት ላይ ዞር ብሎ የሚያያት ማንም የለም ዛሬ፣ እንዴት ልነግራት ብዬ ነው ትለዋለች ማታ፣ ቃላት እየፈለግኩ ነበር ትለዋለች፣ ደንግጬ ነው፣ ቀናች እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፣ ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉንም ያምናታል፣ ሰው ማመን የሚፈልገውን፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግን ከነሱ በፊት፣ ከሁሉም በፊት፣ አፏ ተከፍቶ በቆመችበት፣ አንዲት ቃል ነበረች፣ እስከ መጨረሻው ፊደል ብላታለች፣ በልቧ፣ በደንብ፣ ትውደቅ፣